ጉንዳኖቼ 70 ደረሱ፣ የሠራሁላቸውን ቤት ግን እምቢ አሉኝ

የታቦር_ሥር (ሐዋሳ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። እስቲ አትሳቁብኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ጉንዳን አረባለሁ። አዎ፣ ጉንዳን።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሚያዝያ ነው። ማታ ዝናብ ጥሎ አባራና የበረንዳው መብራት ላይ አሸን ፈላ። ወለሉን እየጠረግኩ ሳለ አንዷ ለየት አለችብኝ። ወገቧ ቀጭን ነው፣ ሆዷ ትልቅ፣ ክንፏን ጥላ ግድግዳ ለግድግዳ ቀዳዳ ትፈልጋለች። ምስጥ ሳትሆን የጉንዳን ንግሥት መሆኗን ያወቅኩት ፎቶዋን አንስቼ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አምሽቼ ነው። ላብራቶሪ የሚሠራ ጓደኛዬ ሁለት የመስታወት ቱቦ ሰጠኝ። እንደሚባለው አንድ ሦስተኛውን ውሃ ሞላሁት፣ ውሃውን በጥጥ ደፈንኩ፣ እሷን አስገባሁ፣ አፉንም በጥጥ ዘግቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ካልሲዎቼ መሃል ደበቅኳት። ሰኔ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ልጆች ወጡ። በጣም ሚጢጢ ናቸው። የዛን ቀን ደስታዬን ለማን እንደምናገር ጠፍቶኝ ነበር።

አሁን ጥር ላይ ነን፣ ከ70 በላይ ሆነዋል። ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ሦስት የተለያየ ቁጥር ስላገኘሁ ነው ልክ የማልነግራችሁ። ጭንቅላታቸው ትልልቅ የሆኑ አራት አምስትም አሉ። ቱቦዋ ጠበበች፣ ውሃው ሊያልቅ ነው፣ ጥጡም ጠቁሯል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለፍቼ ቤት ሠራሁላቸው። 40 በ30 ሴንቲ የሆነ የመስታወት ሳጥን ነው። ውስጡ ጀሶ ነው፣ ጀሶው ላይ 12 ክፍል ፈልፍዬ ኮሪደር አወጣሁለት። እውነት ለመናገር እኔ ከተከራየሁት ክፍል ይሻላል። የነሱን ቱቦ ከዚህ ቤት ጋር በላስቲክ ቱቦ አገናኘሁና ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

እምቢ! ሦስት ሳምንት ሆነ። ሁለት ሦስቱ ገብተው ዞር ዞር ይሉና ይመለሳሉ። ይባስ ብለው ቆሻሻ መጣያ አደረጉት። የሞተው፣ የዝንብ እግሩ፣ ያኘኩት ትርኪምርኪ ሁሉ የሚጣለው "ሳሎን" ብዬ በሠራሁት ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ቀን በንዴት ቱቦውን አራግፌ በግድ ላስገባቸው ፈልጌ ነበር፣ ንግሥቷን እንዳልጎዳት ፈርቼ ተውኩት።

ሌላም አለ። እጮቹ እየቀነሱ ነው። ኅዳር ላይ ነጭ ነጩ ተከምሮ ነበር፣ አሁን ጥቂት ነው። የማበላቸው ማር ነው፣ አልፎ አልፎ የተቀቀለ እንቁላል። ባለፈው ወጥ ቤት ሞቶ ያገኘሁትን በረሮ ሰጥቻቸው በማግስቱ ስምንት ሠራተኛ ተገልብጦ ሞቶ አገኘሁ። ብዛታቸው ይጨምር ብዬም ከግቢያችን ልክ እነሱን የሚመስሉ አምስት ጉንዳን አምጥቼ ቀላቀልኩ፣ አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ እግር በእግር ተገነጣጠሉ። ማታ ማታ ደግሞ በክዳኑ ስር እየሾለኩ ይወጣሉ። አንዷ አከራዬ ስኳር ዕቃ ውስጥ ተገኝታ ብዙ ተብያለሁ። ዩቲዩብ ላይ አንዱ ፈረንጅ ደግሞ በብርድ ወቅት ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ወር አስተኟቸው ይላል። ላስተኛቸው እንዴ? ግራ ገባኝ፣ እባካችሁ የሚያውቅ ይርዳኝ።

ሳቂታው፦

ሰው ቤት መሥሪያ መሬት አጥቶ አንተ ለጉንዳን ባለ 12 ክፍል ቪላ ሠርተህ እምቢ አሉህ? አድራሻውን ላክልኝ እኔ ልግባበት 😂

በነገርህ ላይ ገብረ ጉንዳን እንዳትሆን። እኛ ገጠር እሱ ቤት ሲገባ ሰው ነው ቤቱን ለቆ የሚወጣው።

ቀፎ_አዳማ፦

ወንድሜ አይዞህ፣ ያለፍኩበት መንገድ ነው። እኔ አዳማ ነኝ፣ ጉንዳን ስይዝ ይኼ አራተኛ ዓመቴ ነው። አባቴ ንብ ያነባል፣ ስለዚህ እኔ ንግሥት አልልም፣ አውራ ነው የምለው፣ ከለመደብኝ አይለቀኝም።

መጀመሪያ ስለ ገብረ ጉንዳን ሳቂታው ላነሳው። የሱ አውራ ክንፍ የላትም፣ መብራት ላይ መጥታ አትወድቅም። መብራት ላይ የሚመጣው ወንዱ ነው፣ እሱም እንደ ቋሊማ የተድበለበለ ቡናማ ነገር ነው። ያንተዋ ክንፏን ጥላ የተገኘች ስለሆነች እሱ አይደለችም። ገብረ ጉንዳንን ደግሞ ማንም ሰው ሳጥን ውስጥ አይዘውም፣ ቋሚ ቤት የለውም፣ ሁሌ ተጓዥ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ። ችግርህ ቤቱ መጥፎ መሆኑ አይደለም። ትልቅ መሆኑ ነው። አንተ በሰው ዓይን አይተህ ነው የሠራኸው። ሰው ሰፊ ቤት ይወዳል። ጉንዳን ግን የሚወደው ጠባብ፣ ጨለማ፣ ትንሽ እርጥበት ያለው ጉድጓድ ነው፣ ገላው ከግድግዳው ጋር የሚነካካበት። 70 ጉንዳን 40 በ30 ሳጥን ውስጥ ማለት አንድ ባልና ሚስት ስታዲየም ውስጥ ፍራሽ ዘርግተው እንዲያድሩ ማለት ነው። ጥግ ይዘው ይተኛሉ፣ የቀረውን ቦታ ቆሻሻ ይጥሉበታል። ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ስድብ አይምሰልህ፣ ጉንዳን ቆሻሻውን ልጆቹ ካሉበት ማራቁ የጤንነት ምልክት ነው፣ የታመመ መንጋ ቆሻሻውን እዛው አጠገቡ ነው የሚተወው።

ስለዚህ 12ቱን ክፍል እርሳው። ሁለቱን ብቻ ክፈት፣ የቀረውን በጥጥ ወይ በስፖንጅ ድፈን። የተከፈቱት ሁለቱ ያሉበትን ጀሶ ብቻ በመርፌ ውሃ አርጥብ፣ እንዳይጨቀይ። የላይኛውን መስታወት በካርቶን ሸፍነህ አጨልም። ከዛ የድሮውን ቱቦ ሽፋን አንሳለት፣ ብርሃን ይምታው። የፀሐይ አይደለም! የክፍል መብራት። ውሃው ራሱ ሊያልቅ ነው ብለሃል፣ አትጨምርለት። አሮጌው ቤት ብርሃንና ድርቀት፣ አዲሱ ቤት ጨለማና እርጥበት። በቃ። ከዛ ተዋቸው። በየአሥር ደቂቃው ካርቶኑን እየገለጥክ "ገቡ?" እንዳትል። በሁለት ቀንም ይገባሉ፣ በሦስት ሳምንትም ይገባሉ፣ እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

ማራገፉን የተውከው ጥሩ አድርገሃል። እኔ የመጀመሪያ መንጋዬን አራግፌ ነው ያስገባሁት። አውራዋ አልሞተችም ግን በሁለት ቀን ውስጥ የነበረውን እንቁላል ሁሉ በሉት። ጉንዳን ሲደነግጥ ልጁን ይበላል። ደግሞ ያ መንጋ ራሱ ኋላ እንዴት እንዳለቀ ልንገርህ። መጋቢት ላይ፣ የአዳማን መጋቢት ታውቀዋለህ፣ ሳጥኑን መስኮት ላይ ትቼ ለምሳ ወጣሁ። ፀሐይ ዞራ መታችው። ስመለስ 200 የሚሆን ጉንዳን አንድም የሚንቀሳቀስ አልነበረም። መስታወት ውስጥ ያለ ነገር በፀሐይ ይበስላል። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

የበረሮውን እኔም ገምቼዋለሁ፣ ሞቶ ያገኘኸውን ነገር በፍጹም አትስጥ። ቤት ውስጥ የሞተ በረሮ ብዙውን ጊዜ መድኃኒት የተረጨበት ነው። ትልልቅ ጭንቅላት ያላቸው ደግሞ ወንዶቹ ናቸው፣ ጠባቂ ናቸው፣ መውጣት መጀመራቸው መንጋው እየጠነከረ ነው ማለት ነው።

የአቶቴዋ_መምህርት፦

ቀፎ አዳማ ስለ ቤቱ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ከዚያ የተሻለ አልመክርም። አንድ ነገር ብቻ ላርም። ትልልቅ ጭንቅላት ያላቸው ወንዶች አይደሉም። ሠራተኛም ወታደርም ሁሉም ሴቶች ናቸው፣ እህትማማቾች። ወንዶቹ ክንፍ አላቸው፣ የሚወለዱትም መንጋው ለዓመታት አድጎ ሲጠነክር ነው፣ ሥራቸው አንድ የበረራ ቀን ብቻ ነው፣ ከተገናኙ በኋላ ይሞታሉ። ንግሥቷ ያን ቀን የተቀበለችውን ዘር ሆዷ ውስጥ በልዩ ከረጢት አስቀምጣ ዕድሜ ልኳን ትጠቀምበታለች። ዕድሜ ልክ ስል ቀልድ አይደለም፣ አውሮፓ ውስጥ የአንዲት ተራ ጥቁር ጉንዳን ንግሥት ሰው ቤት ከ28 ዓመት በላይ ኖራለች። ስለዚህ ታቦር ሥር፣ የያዝከው የሁለት ወር ጨዋታ አይደለም፣ አስብበት።

ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ክፍል ውስጥም አንድ መንጋ አለን፣ ለዛ ነው ነገሩን የማስረዝመው፣ ይቅርታ።

እጮቹ የቀነሱት በሁለት ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛው ምግብ ነው። ማር ጉልበት ነው፣ ለአዋቂዎቹ ነው። ያደገ ጉንዳን ወገቡ በጣም ቀጭን ስለሆነ ጠጣር ምግብ አይውጥም፣ ፈሳሽ ብቻ ነው የሚጠጣው። ሥጋ ነክ የሆነውን አኝከው ለእጮቹ ይሰጣሉ፣ እጮቹ ናቸው የሚበሉት፣ የሚያድጉትም በሱ ነው። ንግሥቷም እንቁላል ለመጣል ፕሮቲን ትፈልጋለች። ሰባ አፍ ማር እየጠጣ፣ እጮቹ ግን ፕሮቲን ካጡ፣ መንጋው ያሉትን እጮች መልሶ ይበላቸዋል። ጭካኔ አይደለም፣ በችግር ጊዜ ጎተራ እንደመክፈት ነው።

መጀመሪያ ላይ ምንም ሳታበላት ስድስት ልጅ ያወጣችው እንዴት ነው ብለህ ታውቃለህ? የክንፏን ጡንቻ አቅልጣ ነው። ከዚያ በኋላ አትበርምና ጡንቻው አያስፈልጋትም። የመጀመሪያዎቹ ሚጢጢ የሆኑትም ለዚህ ነው፣ ብዙ ስንቅ አልነበራትም።

ስለዚህ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ነፍሳት ስጣቸው። ሐዋሳ ሆነህ በነፍሳት አትቸገርም፣ ማታ ሐይቅ ዳር መብራት ስር አምስት ደቂቃ ብትቆም ትንኙ አፍህ ውስጥ ይገባል። ዝንብ፣ ትንኝ፣ ፌንጣ፣ ራስህ በሕይወት የያዝከውን። በፈላ ውሃ ነከር አድርገህ ስጣቸው፣ ጥቃቅን ቅማል መሰል ተባይ ይዞ እንዳይገባ። ግን ልብ በል፣ የፈላ ውሃ ተባይ ይገድላል እንጂ የፀረ ተባይ መድኃኒት አያጥብም፣ የተረጨበት በረሮ ቢቀቀልም ያው መርዝ ነው። ከአሞራ ገደል ዓሣ ከገዛህ ከቆሮሶው ጨው ያልነካው የጣት ጥፍር የምታክል ቁራጭ ቀቅለህ ሞክር፣ የእኔዎቹ ይረባረቡበታል። የተረፈውን በማግስቱ አንሳ፣ ይሻግታል። ማሩንም ንጹሑን አትስጥ፣ ተጣብቀው ይሞታሉ፣ በሦስት እጥፍ ውሃ በጥብጠህ ትንሽ ጥጥ ላይ አንጠባጥብ።

ሁለተኛው ምክንያት ብርድ ነው። የኛ ከተማ ቀን ይሞቃል፣ ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሌሊቱ ብርድ ነው፣ ልብስ ደርበን ነው የምናድረው። ሲበርዳቸው ንግሥቷ እንቁላል መጣል ታቀዘቅዛለች፣ ያሉትም እጮች ቀስ ብለው ያድጋሉ። የካቲት መጋቢት ላይ ራሱ ይስተካከላል። ፍሪጅ ግን በጭራሽ! ፈረንጁ አልዋሸም፣ የሱ ጉንዳኖች በረዶ ባለበት አገር ተፈጥረው የክረምት እንቅልፍ ካላገኙ የሚታመሙ ናቸው። ያንተዋ የሐዋሳ በረንዳ ላይ የተገኘች ናት፣ አያት ቅድመ አያቷ በረዶ አይተው አያውቁም። ፍሪጅ ብታስገባት ትገድላታለህ።

የቀላቀልካቸው አምስቱ ደግሞ... ጉንዳን የሚተዋወቀው በማሽተት ነው። ገላቸው ላይ ያለው ቅባት የየመንጋው ሽታ አለው። መልኩ አንድ ዓይነት ቢሆንም ሽታው ከተለየ ጠላት ነው። ጎረቤትህን በሌሊት መኝታ ቤትህ ውስጥ እንደማግኘት ቁጠረው። በዚህ መንገድ አይበዙም፣ ንግሥቷ ብቻ ናት የምታበዛቸው።

እስቲ ወገቧን ከጎን አንስተህ ፎቶ ላክ። ወገቧ ላይ አንድ ጉብታ ብቻ ካላትና የሠራተኞቹ ጀርባ ሳይሰበር እንደ ቀስት የጎበጠ ከሆነ ካምፖኖተስ የሚባለው ዘር ነው፣ ሌሊት የሚሠሩት፣ ልጆቻቸው በቡናማ ሐር ከረጢት ተጠቅልለው የሚያድጉት። ሁለት ጉብታ ካላት ሌላ ነው፣ ምናልባት ዘር ሰብሳቢ ትሆናለች፣ ለነሱ ጤፍና ሰሊጥም ነው የሚበተነው።

የታቦር_ሥር፦

ቲቸር እግዜር ይስጥልኝ፣ ፎቶውን አየሁት፣ አንድ ጉብታ ነው! ቡናማ ከረጢቱንም አውቀዋለሁ፣ እኔ እኮ እንቁላሉ እሱ መስሎኝ "እንቁላላቸው ከራሳቸው ይበልጣል" እያልኩ ለሰው ሳወራ ነበር። ሼም ነው።

ቀፎ አዳማ አንተንም አመሰግናለሁ፣ የፀሐዩን ሳነብ ደነገጥኩ፣ የኔም ሳጥን መስኮት አጠገብ ነበር፣ አሁን አነሳሁት። ክፍሎቹን ደፍኛለሁ። አሁን ዋናው ጭንቀቴ መሹለካቸው ነው፣ አከራዬ አንድ ተጨማሪ ጉንዳን ካየች ከነሳጥኔ እንደምታስወጣኝ ነግራኛለች፣ ቀልዷን አይመስለኝም።

ብርድ ካሉ ፍሪጅ ላይ ባስቀምጣቸውስ? ውስጡ ሳይሆን አናቱ ላይ፣ ሞቅ ይላል።

ቀፎ_አዳማ፦

ፍሪጅ አናት ላይ አይሆንም፣ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ጉንዳን ጆሮ የለውም ግን መንቀጥቀጥ በእግሩ ይሰማዋል፣ ቀኑን ሙሉ የመሬት መንቀጥቀጥ ይሆንባቸዋል። ቁም ሳጥን አናት ላይ ወደ ጣሪያው ይሻላል፣ ሙቀት ወደ ላይ ነው።

ቲቸር ስለ ሴቶቹ ላረሙኝ አመሰግናለሁ፣ አራት ዓመት ሙሉ ወታደሮቹን "ጀግኖቼ" እያልኩ በወንድ ስጠራቸው ነበር።

ለመሹለኩ እኔ የምጠቀመው ፓውደርና አልኮል ነው። የሕፃናት ፓውደር ግዛ፣ ግን ጀርባውን አንብብ፣ ታልክ መሆን አለበት፣ በበቆሎ ዱቄት የሚሠራ አለ፣ እሱ አይሠራም። በንጹሕ አልኮል እንደ ቀጭን አጥሚት በጥብጠው። የሳጥኑን የውስጥ አፍ ዙሪያውን ሦስት ጣት ስፋት በጥጥ ቀባው፣ ይደርቅ፣ ነጭ ይሆናል። ጉንዳኗ ስትወጣ ፓውደሩ ከእግሯ ስር ይፈረፈርና ትንሸራተታለች። ስትቀባ ጉንዳኖቹ ውስጥ አይኑሩ፣ የአልኮሉ ጭስ ይገድላቸዋል፣ ለብቻው ቀብተህ አንድ ቀን አናፍሰው። እርጥበት ከነካው ይለቃል፣ በወር በወር አድሰው። ቫዝሊንም ይሠራል የሚሉ አሉ፣ አዳማ ላይ ግን ይቀልጥና ይንጠባጠባል፣ አቧራም ሲይዝ ድልድይ ይሆንላቸዋል፣ አንዳንዷም ተጣብቃ ትሞታለች። ለእኔ አልተመቸኝም።

እማማ_ጓዳ፦

እኔ ወደዚህ የገባሁት ጉንዳን ከወጥ ቤቴ እንዴት እንደማጠፋ ልጠይቅ ነበር፣ እናንተ ታረቡታላችሁ! ጉድ እኮ ነው ዘንድሮ።

ልጄ፣ ለምን በፓውደር ትደክማለህ? የኛ እናቶች የስኳሩን ዕቃ ውሃ ያለበት ሰፋ ያለ ሳህን መሃል አይደል የሚያስቀምጡት። ጉንዳን ውሃውን አይሻገርም። ሳጥንህን በአራት ቆርኪ ወይ በጡብ ከፍ አድርገህ ውሃ በተሞላ ትሪ ላይ አስቀምጠው። ደቃቆቹ ውሃ ላይ ይራመዳሉ፣ ለነሱ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምርበት፣ ይሰምጣሉ። ውሃውን በየሁለት በየሦስት ቀኑ ቀይር፣ ካለዛ ወባ ነው የምታረባው። ለአከራይህም አንድ ኪሎ ስኳር ገዝተህ ይቅርታ በላት፣ እሷ ምን አደረገች።

የታቦር_ሥር፦

እማማ ይህን እንዴት አላሰብኩትም! እናቴ ራሷ እንደዛ ነው የምታደርገው። ሁለቱንም አደርጋለሁ፣ ፓውደሩን ከውስጥ፣ ውሃውን ከውጭ። ስኳሩንም።

ባጃጅ_77፦

ፍሬንድ፣ ዝም ብለህ ከምትጫወትባቸው ለምን አትሸጥም? ፈረንጆቹ የአፍሪካ ንግሥት ጉንዳን በዶላር ይገዛሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ዝናብ ሲዘንብ እያንዳንዱ መብራት ስር ስንት ትገኛለች፣ ሰብስቦ በፖስታ መላክ ነው። እኔ ትራንስፖርቱን እይዛለሁ 😂

የአቶቴዋ_መምህርት፦

ባጃጅ፣ እየሳቅክ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን እየሳቁ የጀመሩት ፍርድ ቤት ቆመዋል። በ2017 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ ሁለት የቤልጂየም ወጣቶች 5,000 ገደማ ንግሥት ጉንዳን በትንንሽ ቱቦ፣ እንዲህ ታቦር ሥር እንዳደረገው በጥጥ ደፍነው ይዘው ተገኙ። እነሱም "ለመዝናኛ ነው፣ ሕገወጥ መሆኑን አላወቅንም" ብለው ነበር። ፍርድ ቤቱ እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፍሉ፣ ካልከፈሉ 12 ወር እንዲታሰሩ ወሰነ። የአገር የዱር ሀብት ነው፣ ዝሆን ብቻ አይደለም የዱር ሀብት።

ከሕጉ በላይ እኔን የሚያስፈራኝ ጉንዳኑ ካገሩ ሲወጣ የሚያደርገው ነው። እዛው ኬንያ ላይኪፒያ የሚባል አካባቢ አንድ ባለ ትልቅ ጭንቅላት መጤ ጉንዳን ገብቶ ግራሮቹን ከዝሆን የሚጠብቁትን ነባር ጉንዳኖች ጨረሰ። ጠባቂ ያጣውን ዛፍ ዝሆኑ ሰባበረው። ዛፉ ሲጠፋ አንበሳው አድፍጦ የሜዳ አህያ የሚይዝበት መሸሸጊያ አጣና ወደ ጎሽ ዞረ። በ2024 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ ጥናት ነው። በአንድ ሚጢጢ ጉንዳን የአንበሳ ምሳ ተቀየረ። ስለዚህ ከውጭ አታስመጡ፣ ወደ ውጭም አትላኩ፣ ሰለቸን ብላችሁም ሌላ ከተማ ወስዳችሁ አትልቀቁ። የበረንዳህን ጉንዳን በረንዳህ ላይ መልሰው፣ ያ ችግር የለውም።

ባጃጅ_77፦

በቃ ባጃጄን ልንዳ 🙏

ሳቂታው፦

ቆይ ግን ቲቸር፣ ዝም ብሎ ከጉንዳን ጉድጓድ ሠራተኞቹን ብቻ አፍሶ ማሳደግ አይቻልም? ንግሥት መጠበቅ ምን አደከመን።

የአቶቴዋ_መምህርት፦

ተማሪዎቼም በየዓመቱ ይጠይቁኛል። ሠራተኞቹ ይኖራሉ፣ ይሠራሉ፣ ግን የሚተካቸው አይወለድም። አንድ በአንድ እያለቁ ጥቂት ወር ላይ ባዶ ሣጥን ይቀርሃል። ጉድጓድ ቆፍሮ ንግሥት ማውጣት ደግሞ በውጭ ያለውን መንጋ በሙሉ መግደል ነው። ዝናብ መጠበቅ ነው መፍትሔው። ሚያዝያ ሩቅ አይደለም፣ መብራትህን አብራ።

የታቦር_ሥር (ከ19 ቀን በኋላ)፦

ገቡ!!!

በ11ኛው ቀን ሌሊት ነው። ሽንት ቤት ልሄድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተነስቼ በስልኬ መብራት አየት ሳደርግ ላስቲክ ቱቦው ውስጥ ትራፊክ ተፈጥሯል። የአሮጌው መናኸሪያ የበዓል ዋዜማ በሉት። እያንዳንዷ አንድ አንድ ቡናማ ከረጢት ነክሳ ትሮጣለች። የሚገርመው እህቶቻቸውንም ተሸክመው የሚሄዱ ነበሩ፣ የተሸከሙት እግራቸውን ሰብስበው እንደ ሻንጣ ዝም ይላሉ። ንግሥቷ መሃል ላይ መጣች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሐሳቧን ቀይራ ዞር ስትል ሁለት ወታደሮች ጎትተው መለሷት። እስከ 11 ሰዓት ቆሜ አየሁ። በማግስቱ ሥራ ላይ ማን ነበርኩ እንዳትሉኝ።

ቀዩን ላስቲክ፣ ይሄ ስጦታ የሚጠቀለልበትን፣ በካርቶኑ ፈንታ መስታወቱ ላይ ለጥፌበታለሁ፣ ጉንዳን ቀይ ብርሃን ብዙም አያይም የሚል አንብቤ ነው፣ እውነትም እየታዩኝ አይረበሹም። ዓሣውን ሰጠኋቸው፣ አንድ ቀን አልቆየም። አሁን ነጭ የእንቁላል ክምር በጀሶው ጥግ ይታየኛል፣ የኮረሪማ ፍሬ ያህላል ክምሩ። ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው፣ ከሳጥኑ ማንም አልሾለከም። አከራዬም ስኳሩን ተቀብላ "እስቲ አሳየኝ" ብላ መጣች፣ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብላ አየችና "ይቺ ሰነፍ ናት" ብላ አንዷን በጣቷ አሳየችኝ። እውነቷን ነው፣ እኔም ሳያት ሁሌ አትንቀሳቀስም።

አንድ ነገር ብቻ። አሁን የተጠቀሙት ሁለት ክፍል ነው፣ አሥሩ ባዶ ነው። ጠረጴዛዬን ሙሉ ይዞብኛል። ሳጥኑን ለሁለት ቆርጬ ትርፉን ልስጥ መሰለኝ፣ እዚህ ሐዋሳ የሚፈልግ ካለ አቶቴ ድረስ አመጣለሁ።

ቀፎ_አዳማ፦

እንዳትቆርጠው! ባለ 70 ሆነው ነው ሁለት ክፍል የበቃቸው። ያ የእንቁላል ክምር ሲፈለፈል ሦስተኛውን ጥጥ ታነሳለህ። የሚቀጥለው ዓመት ይሄን ጊዜ አሥራ ሁለተኛውን እያነሳህ "ሌላ ሳጥን ያለው" ብለህ እዚሁ ትጽፋለህ።